ስም በማይጠራበት አዳራሽ

የመጀመሪያው ሚድ ውጤቴ ከ30 11 ነበር። ትምህርቱ ሒሳብ ነው፤ ሃይስኩል እያለሁ ክፍሉ ሁሉ ከእኔ ደብተር የሚገለብጠው ሒሳብ።

ውጤቱ የተለጠፈው በመታወቂያ ቁጥር ነው፤ ስም የለውም። ቁጥሬን አግኝቼ ጣቴን ወደ ጎን ስስበው 11 ላይ ቆመ። መስመር የሳትኩ መስሎኝ ከላይ ጀምሬ ደገምኩት። አሁንም 11። አጠገቤ ቆሞ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ «ስንት አመጣሽ?» ሲለኝ «ደህና ነው» ብዬ ላሽ አልኩ። ማታ ቤት ደወልኩ። እናቴ «ትምህርት እንዴት ነው?» አለችኝ፤ ለእሷም «ደህና ነው» አልኳት። ያን ሳምንት ለስንት ሰው «ደህና ነው» እንዳልኩ እንጃ።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የዶርሙ ደረጃ ላይ የሚያስቆሙኝ ልጆች አሉ። የትኛው ኮርስ ይከብዳል? የትኛው አስተማሪ ውጤት ይሰጣል? የድሮ ፈተና አለሽ? ጥያቄዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ ግን እኔን ከ11 ያወጣኝ ነገር ከእነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ደረጃ ላይ ቆሜ የማልጨርሰውን እዚህ ልጻፈው።

ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የሚፈልጋችሁ ሰው የለም። በክፋት አይደለም። አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ገደማ ነበርን፤ ስም የሚጠራ የለም፤ አንድ ወር ብትፎርፉ ወንበራችሁ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል እንጂ ሌላ ምንም አይሆንም። ሃይስኩል እያለን አንድ ቀን ስንቀር የክፍል አለቃው ይመዘግባል፣ አስተማሪው ይጠይቃል፣ ወላጅ ይጠራል። ያ ሁሉ ክትትል ያኔ ጭቆና ይመስለኝ ነበር። ለካ ደግፎ ያቆመኝ እሱ ኖሯል። እዚህም እርዳታው ሞልቷል፦ አስተማሪ ቢሮው ቁጭ ብሎ ተማሪ የሚጠብቅበት ሰዓት አለ፣ ቲቶሪያል አለ፣ የምክር አገልግሎት አለ። ግን አንዱም ተነሥቶ ዶርማችሁን አያንኳኳም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አስተማሪው ገቡ፣ «የኮርስ አውትላይኑ ተለጥፏል፣ አንብቡት» አሉ፣ ወደ ቦርዱ ዞሩ፣ ጀመሩ። እኔ ያነበብኩት በሰባተኛው ሳምንት፣ ከሚዱ በኋላ ነው። ሁለት ገጽ ናት። ሚድ 30፣ ኩዊዝና አሳይንመንት 20፣ ፋይናል 50 ትላለች። በየትኛው ሳምንት የትኛው ምዕራፍ እንደሚሸፈን፣ ከየምዕራፉ የትኞቹ ጥያቄዎች መሠራት እንዳለባቸው ሳይቀር ተጽፏል። ሚዱ ላይ ከነበሩት አምስት ጥያቄዎች ሁለቱ ቁጥራቸው ብቻ ተቀይሮ ከዚያ ዝርዝር የተወሰዱ ነበሩ። ከ11ዱ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

የሁሉንም ኮርስ አውትላይን በመጀመሪያው ሳምንት ሰብስቡና የፈተናና የአሳይንመንት ቀኖቹን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ስታሰፍሩ አንዱ ሳምንት ላይ ሦስት ነገር ተደራርቦ ታገኛላችሁ። ያን ሳምንት ሁለት ወር ቀድሞ ማየትና ዋዜማው ላይ ማየት አንድ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የሬጅስትራሩንም ቀኖች ጨምሩ፤ በተለይ ኮርስ መጨመሪያና መጣያ የመጨረሻውን ቀን። አንዲት የማውቃት ልጅ እንደማትዘልቀው እያወቀች የያዘችውን ኮርስ «ነገ እጥለዋለሁ» ስትል ቀኑ አለፈ። ኮርሱ እስከ መጨረሻው ተጣብቋት ቀረ።

ክሬዲት የሚባለውንም ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም። የተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክላስ፣ ከክላስ ውጭ ደግሞ ሁለት ሰዓት የራስ ጥናት ነው። 18 ክሬዲት የያዘ ሰው እንግዲህ በሳምንት 54 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር 54 የሚሞላ ሰው አላየሁም፤ እኔም ሞልቼ አላውቅም። ግን ስሌቱን ካወቅኩ ወዲህ በሁለት ክላሶች መካከል ያለውን ባዶ ሁለት ሰዓት «እረፍት» ማለት ትቻለሁ። ወደ ዶርም ከተመለስኩ አልጋዬ እንደሚያሸንፈኝም ስለማውቅ እዚያው ክላሱ አካባቢ እቀመጣለሁ።

ሌላው ጥፋቴ የክሬዲት ክብደት አለማየቴ ነው። ያን ሴሚስተር የለፋሁት በጣም የምወደው ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ላይ ነበር፤ ሒሳቡ ባለ 4 ነው። ባለ 4 ነጥብ መለኪያ በሚጠቀም ዩኒቨርሲቲ ኤ 4 ነው፣ ቢ 3፣ ሲ 2። ይህ በኮርሱ ክሬዲት ይባዛል፣ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል፣ ጂፒኤ እሱ ነው። አንድ ቢን ወደ ኤ ብታሳድጉ ባለ 2 ክሬዲቱ 2 ነጥብ ይጨምርላችኋል፤ ባለ 4ቱ ግን 4። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ መውደቅ ለምን እንደሚከብድም ከዚሁ ስሌት ይታያል። 18 ክሬዲት በ2.4 የጨረሰ ሰው ዓመቱን በ3.0 ለመዝጋት በሁለተኛው ሴሚስተር፣ በሌላ 18 ክሬዲት፣ 3.6 ማምጣት አለበት። ያ ከባድ ነው። ሁለት ዓመት ላይ ሲዘረጋ ግን በቀሩት ሦስት ሴሚስተሮች 3.2 ይበቃል። እኔ ይህን አንድ ሌሊት በደብተሬ ጀርባ ካሰላሁት በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። «አለቀልኝ» እያሉ መገላበጥና 3.2 የሚል ቁጥር ይዞ መተኛት ይለያያሉ።

ከውጤቱ በኋላ መጀመሪያ የቀየርኩት ወንበሬን ነው። ከኋላ እቀመጥ ነበር። ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ ከእናንተና ከቦርዱ መካከል ሦስት መቶ ጭንቅላትና ስንት የበራ ስልክ አለ፤ አስተማሪው ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉ ነው የሚመስሉት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስቀመጥ አዳራሹ ጠበበ፤ ክፍል ሆነ። የማላውቀውንም ነገር ሰማሁ። አስተማሪው ፊታቸውን ወደ ቦርዱ አዙረው ሲጽፉ ለራሳቸው የሚያወሩ ዓይነት ሰው ናቸው። «ይችን ምልክት ብዙ ሰው ይስታታል» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸው ላይ ባለው ማርከር ቦርዱን እየጠነቆሉ። ይህ ማይክሮፎኑ ውስጥ አይገባም፣ ስላይዱም ላይ የለም። ፋይናሉ ላይ ግን ነበረ።

ቀጥሎ ያለው መጠየቅ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም እኔ በጣም የዘገየሁት እዚህ ነው። አስተማሪው «ግልጽ ነው?» ሲሉ አዳራሹ ጭጭ ይላል። ያን ዝምታ እኔ «ለሁሉም ገብቷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ» ብዬ ነበር የምተረጉመው። በኋላ ሳይኮሎጂ የምታጠና የዶርም ጓደኛዬ ለዚህ ነገር «ፕሉራሊስቲክ ኢግኖራንስ» የሚባል ስም እንዳለው ነገረችኝ። ዴል ሚለርና ካቲ ማክፋርላንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች ሆን ተብሎ ግራ እንዲያጋባ የተጻፈ ነገር አስነብበዋቸው፣ ያልገባው መጥቶ መጠየቅ እንደሚችል ነግረዋቸው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ «እኔ ያልጠየቅኩት አፍሬ ነው» ይላል፤ ሌላው ሰው ዝም ያለውን ግን በእፍረት አይተረጉምለትም፣ ገብቶት ነው ይላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ዝም ብሎ እያንዳንዱ የራሱን ዝምታ ለብቻው ያፍርበታል። ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ፤ ሚዱ ላይ የክፍሉ አማካይ 13 ነበራ።

ይህን አውቄም ቢሆን አዳራሽ ውስጥ እጄን ለማውጣት ድፍረቱ አልነበረኝም። ስለዚህ የኮንሰልቴሽን ሰዓታቸውን ከአውትላይኑ ላይ አየሁና ሄድኩ። ማክሰኞ ከሰዓት ነው። በሩ ጋ ደርሼ አለፍኩት። ኮሪደሩ ጫፍ ደርሼ ተመለስኩና እንደገና አለፍኩት። ሦስተኛው ላይ ከውስጥ «ማንን ፈልገሽ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ሲያዩኝ ቆይተዋል።

ገባሁ። «ምንም አልገባኝም» አልኳቸው።

«ምንም የሚባል ምዕራፍ የለንም» አሉኝ። ሳይስቁ ነው። ከዚያ ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፉና ከሚዱ ሁለተኛውን ጥያቄ አጠገባቸው ሆኜ እንድሠራው ጠየቁኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። እስኪርቢቶዬን የያዝኩበትን ቦታ አዩና «አዲሱ ትምህርት እኮ ገብቶሻል። የጠፋሽ የድሮው ነው» አሉኝ። ኢንኢኳሊቲን በኔጌቲቭ ቁጥር ሲያካፍሉ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ያንሳል የነበረው ይበልጣል ይሆናል። ይህን ሃይስኩል ተምሬዋለሁ፤ ግን ሸምድጄው ስለነበር ትንሽ ለየት ባለ ጥያቄ ውስጥ ሲመጣ አላወቅኩትም። ቢሮ ውስጥ የቆየሁት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ስወጣ «ሰባው ነጥብ ገና በእጅሽ ነው» አሉኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ የጠፋኝን 19 ብቻ ነበር የምቆጥረው።

እዚያ ስትሄዱ «አልገባኝም» ብላችሁ አትሂዱ። የሞከራችሁትን ወረቀት ይዛችሁ፣ የቆማችሁበትን መስመር አክብባችሁ ሂዱ። በኢሜይል ከሆነ የኮርሱን ስም፣ ስማችሁንና መታወቂያ ቁጥራችሁን ጻፉ፤ ሦስት መቶ ሰው ያለበት ኮርስ ላይ «ቲቸር ውጤቴን ያዩልኛል?» የሚል መልእክት ማን እንደላከው አይታወቅም። ደግሞ ቀደም በሉ። በሴሚስተሩ መካከል በዚያ ቢሮ ከአንድ ወይም ከሁለት ተማሪ በላይ አይቼ አላውቅም። ከፋይናሉ በፊት ባለው ሳምንት ሰልፉ ደረጃው ድረስ ነበር። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል የምሰማው ከአያቴ አፍ ብቻ ነበር፤ የመጠየቂያ ሰዓትም እንደሚያልፍበት ግን እዚያ ሰልፍ ላይ ነው ያየሁት።

ስለ አጠናን አሁን። አልሰነፍኩም ነበር፤ ይህን አስምሩልኝ። ከእራት በኋላ ላይብረሪ ገብቼ እስኪዘጋ እቸክል ነበር። ሃንድአውቱን በሦስት ቀለም አስምሬበታለሁ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ችግሩ ሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል፤ ዓይን ስለለመደው ጭንቅላት ያወቀው ይመስለዋል። ይኸው የዶርም ጓደኛዬ ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንደኛው ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያደረገው ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸው ድምፆችን ራሱ እየሸመደደ፣ ራሱን እየፈተነ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከግማሽ በታች፣ ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ ሲሶ ያህል ብቻ እንደሚቀረው ለክቷል። ትርጉም ያለው ትምህርት እንዲህ ቶሎ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱት። ግን አብዛኛው የሚጠፋው ወዲያው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን ከራሴ ደብተር አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው የበለጠ ጠቀመኝ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዳንድ ተማሪዎች ጽሑፉን ደግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንዴ አንብበው ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ነው ያስታወሱት። ደጋግሞ የሚያነብ ሰው ያን ማታ «ይዤዋለሁ» ብሎ የሚተኛው ለዚህ ነው፤ በዚያ ሰዓት ውሸቱን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ከክላስ ስወጣ ወደ ምሳ ከመሄዴ በፊት ደረጃው ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ደብተሬን እዘጋለሁ፣ የማስታውሰውን እጽፋለሁ። አሥር ደቂቃ ነው። የመጀመሪያ ቀን አራት መስመር ጻፍኩና ብዕሬ ቆመ። የሃምሳ ደቂቃ ሌክቸር፣ አራት መስመር። ሰው እያየኝ ማፈሬም አልቀረ። ግን ያልጻፍኩት ምን እንደሆነ ደብተሩን ስከፍት ወለል ብሎ ይታያል፤ ማታ የማጠናው እሱን ብቻ ነው።

የድሮ ፈተና ከሲኒየር ማግኘት ጥሩ ነው፣ ሰዓት ይዛችሁ ደብተር ዘግታችሁ ከሠራችሁት። መልሱን ከሸመደዳችሁት ግን ፈተናው ሲቀየር ባዶ እጃችሁን ናችሁ። የኤአይ መተግበሪያዎችም ያው ናቸው። የእኛ ባች አሳይንመንት ላይ ሙሉ ያመጣ፣ ፋይናሉ ላይ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ ያልነካ ልጅ አውቃለሁ፤ አሳይንመንቱን ማን እንደሠራለት ራሱ ነገረኝ። እኔ የምጠቀመው «ይህን የሚመስል ሌላ ጥያቄ ስጠኝ፣ መልሱን አትንገረኝ» እያልኩ ነው፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ በሙሉ ልብ ይሳሳታል። ኮርሱ ጭራሽ የሚከለክል ከሆነም አውትላይኑ ላይ ይጻፋል፤ እዩት።

ሌሊቱን ሙሉ ማንጋትን አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ለኬሚስትሪ። ጠዋት ፈተናው ላይ የማውቀውን ጥያቄ አየሁት፣ እንደማውቀውም አውቃለሁ፣ መልሱ ግን አልመጣም። ከአዳራሹ ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ መጣ።

ስለ ዶርም ሰው ብዙ ያስፈራራል፤ እኔን የከበደኝ አላርም ነው። አንዷ ልጅ አላርሟን ሌሊት ላይ ትሞላለች፣ ይጮኻል፣ ታጠፋዋለች፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጮኻል። አምስት ጊዜ። እሷ አትነሳም፤ እኛ ሦስታችን እንነሳለን። ሁለት ወር ዝም አልኩ፣ ጨዋነት መስሎኝ። ከዚያ በአንድ የፈተና ጠዋት የሁለት ወሩን አንድ ላይ ተናገርኩ። አለቀሰች። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ በእንቅልፍ ልቧ እንደምታጠፋው አታውቅም ነበር። መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ስልክ የት ይወራል፣ እንግዳ መቼ ይመጣል፤ እነዚህን ገና ማንም ማንንም ሳይቀየም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ።

ጓደኝነት ላይ አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ ብቻውን መታየት ስለሚፈራ ያገኘው ላይ ይለጠፋል። እኔም ስድስት ሆነን ነበር የምንዞረው፤ ዛሬ ከእነሱ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያለን፣ ጥል የለም። የቀሩልኝ ጓደኞች ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ የደረሰን ሁለት ልጆችና ሁለተኛው ረድፍ ላይ በየቀኑ አጠገቤ የምትቀመጠው ናቸው። አብረን የምናጠናው አራት ሆነን ነው። አምስተኛ ሰው ሲጨመር ወሬ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ሞክረነዋል።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ላይ የሚመጣ ጭንቀት አለ። አዲስነቱ አልቋል፣ ፈተና ገና ነው፣ ቤት ይናፍቃል፣ ሦስት መቶ ሰው መሃል ተቀምጣችሁ ስማችሁን የሚያውቅ የለም። ለእኔ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ለቀቀኝ። ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ እየከለከላችሁ ከሄደ፣ ወደ ምክር አገልግሎቱ ቢሮ ሂዱ። የዶርም ጓደኛዬ ሄዳለች፤ እዚያ መሄዷን ለእኔ የነገረችኝ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም እኔን ልትልከኝ ፈልጋ። ለእናታችሁም ሁልጊዜ «ደህና ነው» አትበሏት። እኔ 11ዱን በመጨረሻ ስነግራት «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ። ያን ያህል የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነበር።

ሒሳቡን በሲ ፕላስ ዘጋሁት። ትራንስክሪፕቴ ላይ አሁንም አለ። ብዙ ተማሪ የማይጠቀምበት ሌላ ነገር ልንገራችሁ፦ ከፋይናል በኋላ የፈተና ወረቀታችሁን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ለመከራከር ሳይሆን የት እንደተሳሳታችሁ ለማወቅ። እኔ ጠየቅኩ። ያው ቢሮ ገባሁ፣ ሳላልፈው። አስተማሪው ወረቀቴን ከክምሩ ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉልኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለት ነጥብ ተቀንሷል፤ በቀይ የተከበበው ሳልገለብጠው የቀረ ምልክት ነው። እሳቸውም አዩት፣ እኔም አየሁት። ምንም ሳንባባል ገጹን ገለጡልኝ።